ሲስተርና ባለ አራት ጎማዋ

ያን ጊዜ ወደ ተራራው መንደሮች የሚያወጣ መንገድ አልነበረም። ነበረ ከተባለም ክረምት ጎርፍ የሚበላው፣ በጋ ድንጋዩ የሚያገጥጥ ቀጭን የእግር ዱካ ነበር። ሁሉም «ሲስተር» እያለ የሚጠራት ነርስ የክትባት ሳጥኗን ትከሻዋ ላይ አንግታ ያን ዱካ ስትወጣ ስትወርድ፣ «እሷ ገና ወጣት ናት፣ ጉልበቷ ግን ጡረታ ወጥቷል» ይሏት ነበር። ላይ ላሉት መንደሮች ከእሷ ሌላ ጤና ጣቢያ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ሕፃናቱ መርፌዋን ስለሚያውቁ ሲያዩዋት አልጋ ሥር ይገባሉ፤ እናቶቹ ግን «መጣችልን!» እያሉ ደጃፍ ድረስ ወጥተው ይቀበሏታል።

አንድ ማለዳ እሷ በምትሠራበት፣ ከተራራው ሥር ባለው ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ቀይ ባለ አራት ጎማ ሞተር ቆማ ተገኘች። ጎማዎቿ ወፋፍራም ናቸው፤ መሪዋ እንደ ሞተር ሳይክል በሁለት እጅ ይያዛል፤ ከኋላዋ ዕቃ የሚታሰርበት የብረት መደርደሪያ አላት። ሰው ሁሉ ከበባት። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ «ይቺማ የልጅ መጫወቻ ናት!» ብሎ ዘሎ ወጣባትና ከግቢው ጀርባ ያለውን ጉብታ በጎኑ ሊያቋርጥ ተነሣ። ሞተሯ ተገለበጠች፤ ሰውየውም እንደ ድንች ጆንያ ተንከባለለ። እግዜር ሲያወጣው ከቁርጭምጭሚቱ ወለምታ በቀር የደረሰበት ነገር የለም። ኩራቱ ግን መሥሪያ ቤቱን እስኪለቅ ድረስ አላገገመም።

ከዚያ ወዲያ ሞተሯን የሚነካት ጠፋ። «ሰው ጣይ ናት» ተባለና ስም ወጣላት። በዚህ የሚስቁት የጋራዡ መካኒክ ብቻ ነበሩ። አጭር፣ ቱታቸው ከዘይት ብዛት ያለ ባለቤቱ የሚቆም የሚመስል አዛውንት ናቸው። መኪና ከግቢ በወጣ ቁጥር ከጋራዡ በር ላይ ሆነው «ቀስ በሉ!» ስለሚሉ «ጋሽ ቀስበሉ» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል።

«ሞተሯ ምን አጠፋች?» አሉ ያን ቀን። «ሶፋ ላይ የተቀመጠ ይመስል ተዘርፍጦባት ዳገት በጎን ያቋርጣል፤ ከዚያ ጣለችኝ ይላል!»

ሲስተር ጠጋ አለች። «ጋሼ፣ እኔን ያስተምሩኛል?»

ከራሷ እስከ እግሯ አዩዋት። «በነጠላ ጫማ?» አሉ። «ቦት ጫማ ሳታደርጊ፣ ሄልሜት ሳትደፊ ወደዚች ሞተር እንዳትጠጊ። ነገ ተዘጋጅተሽ ነይ።»

በነጋታው ተዘጋጅታ መጣች፤ ግን መንዳት የለም። ጋሽ ቀስበሉ አንድ ጨርቅ ሰጧትና ሞተሯን አስወለወሏት። እያስወለወሉም ያሳዩዋታል። የጎማውን ንፋስ በመለኪያ አየች፣ ከበዛ በድንጋይ ላይ እንደሚያዘልል፣ ካነሰ ደግሞ ከቸርኬው እንደሚወልቅ ሰማች። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነካካች፣ ካቴናው ላልቶ እንደሆነ በጣቷ ሞከረች፣ ዘይት ለካች። አቧራ የጠጣውን የአየር ማጣሪያ ማውጣት ስትሰለች «አንቺ አፍንጫሽን አፈር ሞልቶት ዳገት ትወጪያለሽ?» ይሏታል። ማታ ቤቷ ስትገባ አስተማሪ ባሏ «እህ፣ ዛሬስ ነዳሽ?» ይላታል። «ዛሬም አጠብኩ» ትላለች። «ሰውየው ሾፌር ሳይሆን ልብስ አጣቢ ሊያደርጉሽ ነው» ብሎ ይስቅባታል።

በኋላ፣ እጇ የሞተሯን አካል በጨለማም የሚያውቅ ሲሆን፣ ወደ ጉብታው ይዘዋት ሄዱ።

«ዳገት ስትወጪ ወደ ፊት አጋድዪ። ቁልቁለት ስትወርጂ ወደ ኋላ ተቀመጪ። በጎን ማቋረጥ ግድ ከሆነብሽ ሰውነትሽን ለዳገቱ ስጪ። ስትወርጂ ማርሹ ትንሽ ይሁን፤ ሞተሩ ራሱ ይያዝሽ፣ ፍሬን ላይ አትንጠልጠዪ። መቀመጫዋ የአንድ ሰው ነው፤ የገዛ እናትሽ ብትለምንሽ ከኋላ አታፈናጥጪ። የማታውቂው ቦታ ከገጠመሽ ውረጂና በእግርሽ እዪው።»

«ሰው ፈሪ አይለኝም?»

«መውረድ አያሳፍርም» አሉ ጋሽ ቀስበሉ። «የሚያሳፍረው ተሸክመው ሲያወርዱሽ ነው።»

እንዲህ ሆኖ ሲስተር የተራራውን ዱካ በአራት ጎማ ጀመረችው። ዛሬ ስታስታውሰው መጀመሪያ የሚመጣባት ሽታው ነው፦ የቤንዚን፣ የረጠበ ሣርና የሞቀ ብረት ሽታ አንድ ላይ። ጉሙ ገና ሳይገለጥ ከግቢ ትወጣለች። የሞተሯ ድምፅ ገደል ለገደል እየተጋጨ ቀድሟት መንደር ይገባል። ወንዙ ከሞላ ቆማ ዱላዋን ይዛ ጥልቀቱን ትለካለች፤ አንዳንዴም ማዶ ያሉት «ኧረ ተሻገሪ፣ ምን ይላል!» እያሉ ሲጮሁ እጇን አውለብልባላቸው በጋራው ዞራ ትመጣለች። ዘግይታ ስትደርስ «ዛሬስ በባሕር ማዶ ነው እንዴ የመጣሽው?» ይሏታል። ትስቃለች፣ ሳጥኗን ትከፍታለች፤ በረዶው ሳይቀልጥ፣ መድኃኒቱ ሳይበላሽ።

አንድ የክረምት መውጫ ላይ በላይኛው መንደር ኩፍኝ ገባ የሚል ወሬ መጣ። ሲስተር እንደ ልማዷ ሞተሯን ዞራ አየች፣ ሳጥኑን በጠፍር ጥፍንግ አድርጋ አሰረችና ተነሣች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ መሬቱ ግን ሲጠጣ የከረመውን ውሃ በሆዱ ይዟል። መንደሩ አፋፍ ላይ ልትደርስ ስትል የዱካው ጠርዝ ድንገት ከሥሯ ከዳ። የኋላው ጎማ ወደ ገደሉ ሲሰምጥ ተሰማት። ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። መሪውን ለቀቀችና ባላት ኃይል ወደ ዳገቱ ዘለለች። ሄልሜቷ ከድንጋይ ጋር ተላተመ፤ ከበስተኋላዋ ሞተሯ እየተንኳኳች ወደ ታች ስትወርድ ሰማች፤ ከዚያ ሁሉ ነገር ጸጥ አለ።

ያ ጸጥታ ነው ያዳናት። መንደሩ ላይ የመንታዎቹ እናት የሚሏት ሴት የሞተሯን ድምፅ ስታዳምጥ ነበር። «እየመጣች ነበር፤ ምነው ጠፋች?» ብላ ጆሮዋን ጣለች። ድምፁ እንደገና ሳይመጣ ሲቀር ጎረቤቶቿን ጠርታ ገመድ አስይዛ ቁልቁል ሮጠች። ሲስተርን ያገኟት ዳገቱ ላይ ተቀምጣ፣ ክንዷ ተልጦ፣ የተሰነጠቀ ሄልሜቷን እያገላበጠች ስታይ ነው።

«አለሽ? እውነት አለሽ?» አለች የመንታዎቹ እናት፣ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ።

«እኔስ አለሁ። ሳጥኑን እዩልኝ!»

ሞተሯን አንድ ዛፍ ይዟት ነበር። ሳጥኑ ጎኑ ጎድጉዷል፤ ክዳኑ ግን አልተከፈተም። ወንዱም ሴቱም በገመድ እየጎተተ ሞተሯን ወደ ላይ አወጣት። ሲስተር ክንዷን አሳጥባ አሰረችና ያን ዕለት የመንደሩን ልጆች አንድም ሳይቀር ከተበች። ከአልጋ ሥር የገባ ልጅ አልነበረም፤ እጇ መታሰሩን አይተው ያዘኑላት ይመስል ተሰልፈው ጠበቋት።

በነጋታው ጋሽ ቀስበሉ መጡ። ወሬው ደርሷቸው የመፍቻ ቦርሳቸውን ተሸክመው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ያን ሁሉ ዳገት በእግራቸው ወጥተውት ነው። ሰላምታ እንኳን አላስቀደሙም።

«ወደ የት ዘለልሽ?»

«ወደ ዳገቱ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሄልሜቱን ተቀብለው ስንጥቁ ላይ አውራ ጣታቸውን አስኬዱ። ከዚያ ሞተሯ አጠገብ ተንበርክከው ብሎን ሊፈቱ ሲሞክሩ መፍቻው ከእጃቸው ወደቀ። አነሡት፤ እንደገና ወደቀ።

«ዳገቱ ነው፣ ድካም ነው» አሉ ቀና ሳይሉ።

ሲስተር አጠገባቸው ተንበረከከችና መፍቻውን ተቀበለቻቸው። እሳቸው እያሳዩ፣ እሷ በደህናው እጇ እየፈታች፣ የመንታዎቹ እናት የተጣመመውን ብረት እየደገፈች፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሞተሯ አስላ አስላ ተነሣች። ጋሽ ቀስበሉ ያኔ ነው የሳቁት። «አየሽ፣ ያስወለወልኩሽ ለዚህ ነው» አሉ። ፍሬኑን እስኪያምኑት ድረስ ግን እንድትጋልባት አልፈቀዱም፤ ቁልቁለቱን አብረው እየገፏት ወረዱ፣ እሷ መሪውን ይዛ፣ እሳቸው ከኋላ እየያዙ፣ እየተጨቃጨቁና እየተሳሳቁ። በሕይወቷ ከሄደችው መንገድ ሁሉ ያን የመሰለ አታስታውስም።

ሲስተር ብዙ ጎማ ከቀያየረች በኋላ አስፋልቱ ተራራው ላይ ወጣ። ጋሽ ቀስበሉ አላዩትም፤ ከዚያ ቀድመው አርፈዋል። ሞተሯም አርጅታ ከሌላ አሮጌ ንብረት ጋር ተጭና ሄደች። ያን ቀን ሲስተር ቢሮ ውስጥ ሥራ አለኝ ብላ ወደ ግቢው አልወጣችም።

ጡረታ ከወጣች በኋላ የመንታዎቹ እናት «የልጅ ልጅ አይቻለሁና ነይ» ብላ አስጠራቻት። በሚኒባስ ሄደች። በዚያ ሁሉ ድንጋይ ላይ ዘላ አንድ ቀን እንኳን ያልታመመች ሴት፣ ለስላሳው አስፋልት ላይ ከጠመዝማዛው የተነሣ አጥወለወላት፤ ረዳቱ ፌስታል አቀበላት። «እማማ፣ መንገድ አልለመዱም መሰለኝ» አላት። አፏን ፌስታሉ ውስጥ ባትደፋ ኖሮ ስቃ በወደቀች።

ሕፃኑን አቅፋ፣ ስማ፣ መርቃ ስትጨርስ የመንታዎቹ እናት «ነይ እስቲ» ብላ በጓሮ በኩል ይዛት ወጣች። አሮጌው ዱካ እዚያው ነበር። ሣር ለብሷል፤ የተናደውን ጠርዝ ቁጥቋጦ ሸፍኖታል። ሁለቱ ሴቶች ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከታች አስፋልቱ ላይ መኪና ይመላለሳል።

«መንገድ መምጣቱ ጥሩ ሆነ» አለች የመንታዎቹ እናት። «ምጥ የያዛት ሴት በጊዜ ትደርሳለች።»

«በጣም ጥሩ ሆነ እንጂ» አለች ሲስተር። ከልቧ ነበር። ዓይኗ ግን ከሣሩ ሥር የጎማ ዱካ ይፈልግ ነበር።

የእጅ ስልኳ ጮኸ፤ ባሏ ነው። «ደረስሽ? መቼ ነው የምትመለሺው?»

«ደርሻለሁ» አለችው። «ዛሬ አልመጣም፤ ትንሽ ልቆይ።»