የመሃሏ ማግኔት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። አሁን ልደታ ማርያም አጠገብ ጧፍ እሸጣለሁ። ደንበኛ ሲያናግረኝ እንኳ መሬት መሬቱን ነው የማየው።

አንድ ቅዳሜ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ልጅ በራችንን አንኳኳች። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታጠናለች። የመመረቂያ ጥናቷን ሰኞ ታቀርባለች፤ ባለፈው ግን መምህራኗ በጥናቱ ውስጥ ያለው ሥዕልሽ ግልጽ አይደለም ብለው መልሰዋታል።

"ሰው ያስፈልገኛል፣ ነይ ውረጂ" አለችኝ።

ግቢው ውስጥ ጎረቤቱን ሰብስባለች።

"እኔ የማጠናው ክሪስታል በጥቃቅን ማግኔቶች የተሞላ ነው" አለችን። "እያንዳንዷ ማግኔት ጎረቤቷ ወደምታይበት ማየት ትወዳለች። ሌላ ኃይል ደግሞ 'ከጎረቤትሽ ትንሽ ዞር በይ' ይላታል። ሁለቱ ሲስማሙ ሽክርክሪት ይሠራሉ፤ ስኪርሚዮን ይባላል። እናንተ ማግኔቶቹን ሆናችሁ ክብ ሠርታችሁ ትቆማላችሁ፤ ዳር ያላችሁ ወደ ላይ፣ ቀጥሎ ያላችሁ ወደ ጎን፣ መሃል የሚቆመው ወደ ታች ያያል።"

ዳር ላይ ሰማይ ሰማይ የሚያዩት ጡረተኛው ጎረቤታችን አጉረመረሙ። "ልጄ፣ አንገቴ አለቀ። ማግኔት ጡረታ አይወጣም?"

"ፎቶ እስካነሳ ነው ጋሼ። መሃል ማን ይቁም?"

"ይቺ ናታ። ከተወለደች ቀና ብላ አታውቅም" አሉ ጋሼ ወደ እኔ እየጠቆሙ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ፊቴ ጋለ። ልሸሽ ነበር፤ ግን ሰኞ መድረሱ ትዝ አለኝና ገብቼ ቆምኩ።

ከላይ ልታነሳን አራተኛ ፎቅ ወጣች። ስትቆይብኝ ጊዜ፣ አነሳችን ይሆን ብዬ ቀና አልኩ። አጠገቤ ያሉት እኔን አይተው ቀና አሉ፤ ከኋላቸው ያሉትም ተከተሉ።

"ጠፋ!" አለች ከላይ። "መሃሏ ከተገለበጠች እኮ ሽክርክሪቱ የለም። ሁላችሁም አንድ ዓይነት ሆናችሁ።"

"እኔ አልተንቀሳቀስኩም፤ ይመዝገብልኝ" አሉ ጋሼ።

ግቢው በሳቅ ተሞላ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ደግመን ቆምን። ሳቄን ውጬ ጫማዬን ብቻ አየሁ። አንገት መድፋቴ ለሰው ሲጠቅም ያ የመጀመሪያው ነው።

ሰኞ ወደ ማታ ጧፍ ከምሸጥበት ድረስ መጣች።

"አለፍኩ" አለችኝ። "ፎቶውን ሲያዩ ወዲያው ገባቸው።"

ደስ ብሎኝ አንገቴን ደፍቼ ጧፎቹን ማስተካከል ያዝኩ። ጎንበስ ብላ ፊቴን ፈለገች።

"በይ አሁን ቀና በይ፤ ፎቶው ተነስቷል።"