የአማቴ ጋቢና

ጫጉላዬን ያሳለፍኩት የአማቴን ማጅራት እያየሁ ነው። ይህን ስናገር ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ምን ቀልድ አለው! ከሆሳዕና አንጋጫ፣ ከአንጋጫ ዱራሜ፣ ከዱራሜ ሾኔ፣ በአባቴ ቮልስ የኋላ ወንበር ላይ ከቆጮ ጥቅልና ከቅቤ ጋር ተጠቅጥቄ ስሄድ ከፊቴ የነበረው ያ ማጅራት ብቻ ነው። ነጭ ነጠላ የተጣለበት፣ ቀጥ ያለ፣ ወደ እኔ ዞር የማይል ማጅራት። ዛሬም ሳዪው ብባል ዓይኔን ጨፍኜ እስለዋለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ሆሳዕና ተወልጄ ያደግኩ የነጋዴ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከጉራጌ መጥቶ ገበያው ዳር ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ባሌ የሀዲያ ልጅ ነው፣ አስተማሪ። ሠርጋችን ካለፈ ገና ሳምንት ሳይሞላው ምደባ መጣበት። ከእኛ አገር መተከል የተወሰዱት ሰፋሪዎች ልጆቻቸውን የሚያስተምር፣ ቋንቋቸውን የሚያውቅ መምህር ስለሚያስፈልጋቸው ለአንድ ዓመት ትሄዳለህ ተባለ። እምቢ የሚባልበት ጊዜ አልነበረም። መተከል ደግሞ ያኔ በእኛ ሰፈር የሚታወቀው በወባው ነው። ሄደው የቀሩ ነበሩ። "ዓመት ምን አላት፣ ዓይንሽን ሳትጨፍኚ ታልቃለች" ይሉኛል ሊያጽናኑኝ የሚመጡት። እኔ ግን እንጀራ ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኝ ነበር።

አባቴ አንጀቱ አልቻለም መሰለኝ፣ ሲያጠራቅም የከረመውን የቤንዚን ኩፖን አወጣና ቁልፉን ለባሌ ሰጠው።

"ይዘሃት ዙር። ከአዲስ አበባ በቀር የምታውቀው አገር የላትም፤ አፍንጫዋ ሥር ያለውን እንኳ አላየችም" አለው።

ዕቅዱ እንዲህ ነበር። በአንጋጫና በዱራሜ በኩል እየዞርን ሾኔ እንደርሳለን። ከሶዶ መምህራኑን ጭኖ የሚመጣው አውቶቡስ ባሌን ከዚያ ይወስደዋል። መኪናዋን ደግሞ ሾኔ የሚኖረው የአጎቱ ልጅ፣ የመንግሥት መኪና ሹፌር ነው፣ እኔን ጭኖ ሆሳዕና ይመልሳታል። ቀኖቹ ጥቂት ናቸው፤ ግን የእኔ ናቸው። ጋቢና ከጎኑ ተቀምጬ፣ ማርሽ በሚይዘው እጁ ላይ እጄን ጣል አድርጌ... ብቻ ብዙ አስቤ ነበር።

የምንነሳ ቀን ጠዋት አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ከመኪናዋ በር አጠገብ ቆመው አገኘናቸው። በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በሌላው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና ቅቤ። ማንም አልጠራቸውም። ከመንደራቸው ከሀቢቾ ድረስ በእግራቸው ነው የመጡት። ባሌ እኔን አየኝ፤ እኔ መሬቱን አየሁ። ለትልቅ ሰው "ይቅሩ" አይባል ነገር፤ ደግሞ አንድ ልጃቸው ነው። ትልቅ ሰው ከኋላ አይቀመጥ ነገር። ባሌ የጋቢናውን ወንበር አጠፈልኝ፣ ጎንበስ ብዬ ወደ ኋላ ገባሁ፣ ወንበሩ ተመለሰ፣ አማቴ ተቀመጡበት። አለቀ። ቮልስ ደግሞ በሯ ሁለት ብቻ ነው፤ እሳቸው ካልወረዱ እኔ መውረድ አልችልም። ሽንቴ እንኳ ቢመጣ ማስፈቀድ አለብኝ። ወይ ጫጉላ!

አማቴ አማርኛቸው ትንሽ ነው። የእኔም ሀዲይኛ የገበያ ነበር፤ ዋጋ መጠየቅና "ቀንስ" ማለት። ስለዚህ ቢያሙኝም አይገባኝም። ግን ብዙም አያወሩም። ቀጥ ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ፤ ዝግ ባለ ድምፅ መዝሙር ያንጎራጉራሉ። ኬላ ሲቃረብ ዝም ይላሉ፤ ገመዱ ተነስቶልን ካለፍን በኋላ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ጴንጤ ናቸውና ቤተ ክርስቲያናቸው በታሸገበት ዘመን የለመዱት ነው። አልፎ አልፎ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ፊታቸው ያነሱና ልጃቸውን "መስኮቱን ዝጋው፣ አቧራው ነው" ይሉታል። ይዘጋል። እኔ ከኋላ በሙቀት እቀቀላለሁ፤ ቅቤው ቀልጦ በአዲሱ ቀሚሴ ላይ ይወርዳል። እንዴት ያለች ድንጋይ ሴትዮ ናት፣ እል ነበር በሆዴ። ልጇ ሊሄድባት ነው፣ እሷ የአቧራ ነገር ያሳስባታል!

አንጋጫ አጠገብ የአማቴ እህት ቤት ገባን። ያኔ የቤት መኪና ገጠር ደጅ ላይ ከቆመ መርዶ ነው። ሴትዮዋ ከእንሰቱ መሐል ብቅ አሉ፣ መኪናዋን አዩ፣ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው እሪ አሉ። ጎረቤቱ በሙሉ ነቅሎ መጣ። ባሌ ዘሎ ወረደ።

"ኧረ ማንም አልሞተም!"

"ታዲያ ማን ታመመ?"

"ማንም አልታመመም፤ አገሩን ልናይ ነው የመጣነው።"

"አገሩ ምን ሆነና?" አሉ ሴትዮዋ እንባቸውን እየጠረጉ።

በሳቅ ሞትኩ። እስከ ዛሬ ከባሌ ጋር ከቤት ስንወጣ "አገሩ ምን ሆነና" እንባባላለን። ያን ዕለት ግን መኪና ውስጥ ብቻዬን ስስቅ የጎረቤቱ ሰው ሁሉ በመስኮት አጎንብሶ አየኝ፤ ለካ አማቴ ወንበሩን ሳያጥፉልኝ ወርደው ከእህታቸው ጋር እየተሳሳሙ ነው። በኋላ አተካናው ቀረበ፤ ቅቤና ወተቱ ከቡላው ጋር ተዋህዶ እንደዚያ የጣፈጠ ነገር በልቼ አላውቅም። ተኮርፎ አይበላ ነገር፣ ኩርፊያዬን ለጊዜው ተውኩት።

ዱራሜ የደረስነው ቅዳሜ ማታ ነው። የሐምበሪቾ ተራራ ደመና ተከናንቦ ቆሟል፤ ከተማዋ ከሥሩ ሰብሰብ ብላ ተቀምጣለች። አሁን አስፋልት ገብቶ ሰው ከሆሳዕና ቁርሱን በልቶ ለምሳ ይደርሳል አሉ፤ ያኔ ግን ዱራሜ መድረስ ራሱ ወሬ ነበር። እሑድ እዚያው ዋልን፤ ቤንዚን ለመቆጠብ ተብሎ እሑድ እሑድ የቤት መኪና መንገድ ላይ መውጣት ክልክል ነውና። አማቴ ጠዋት አንድ ሰው ቤት ጸሎት ሄዱ። ባሌ ቁልፉን አንቀጫቀጨብኝ።

"ነይ።"

"እሑድ አይደለም እንዴ? ልታሳስረን ነው?"

"የተከለከለው መንገድ ላይ ነው። ሜዳ መንገድ አይደለም።"

ካደርንበት ቤት ጀርባ ወደ ተዘረጋው የግጦሽ ሜዳ ይዞኝ ገባ። ልቤ ዘለለች፤ በመጨረሻ ጋቢና! እሱ ግን ወረደና የሹፌሩን በር ከፈተልኝ፤ ጋቢናው ላይ እሱ ተቀመጠ። "ፍሪሲዮኑን ርገጪ፣ ማርሽ አስገቢ፣ ቀስ ብለሽ ልቀቂ፣ ነዳጅ ስጪ፣ ኧረ ቀስ!" ሜዳው ላይ የሚግጡት ፍየሎች ተበታተኑ። መኪናዋ ዘለለች፣ ጠፋች፣ ተነሳች፣ እንደገና ጠፋች። ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። በመሐል ግን "እኔ በሌለሁበት የሚነዳ ሰው ይኑር" አለ። የዚያን ጊዜ ሳቄ ቆመ። ወባው፣ መተከሉ፣ ሁሉም ከፍየሎቹ ጋር ሜዳው ላይ መጣብኝ። ማልቀስ ጀመርኩ፤ እጄን ከመሪው ላይ አላቆ ያዘኝ። ከጫጉላዬ የእኔ ነው የምለው ያቺ ሰዓት ናት።

ቀና ስል አማቴ ሜዳው ዳር ጃንጥላቸውን ዘርግተው ቆመው ያዩናል። መጡ፤ በሀዲይኛ አንድ ነገር አሉት። ሳቀ።

"ምን አሉ?"

"'ያገባኸው ሹፌር ነው እንዴ?' ነው የምትለው።"

ፊቴ በርበሬ መሰለ። በማግስቱ አማቴ ጋቢና፣ እኔ ከኋላ።

ሾኔ ስንደርስ የአጎቱ ልጅ የለም። እህል እንዲጭን በግዳጅ ሄዷል፤ መቼ እንደሚመለስም አይታወቅም። ምን እናድርግ እያልን ስንማከር አውቶቡሱ ደረሰ፣ ጡሩምባውን ነፋ። ባሌ ግራ ቀኝ አየ፣ ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖረና ጨበጠልኝ። "ቀስ ብለሽ" አለኝ። እናቱ ራሱ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩ። እኔ የሰው ዓይን ሳልል ተንሰቀሰቅኩ። አውቶቡሱ አቧራውን አልብሶን ሄደ፤ አማቴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሸፍነው መንገዱ ዳር ብዙ ቆሙ።

ከዚያ ማን ይነዳል? አማቴ ጋቢናውን ከፍተው ገቡና ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጠበቁኝ። ምርጫ የለኝም፤ ገባሁ። የሱ ወንበር ገና ይሞቃል። ከሾኔ ሳልወጣ መኪናዋ ስንት ጊዜ እንደጠፋችብኝ እኔና እግዜር እናውቃለን።

ኬላው ጋ ስንደርስ መሣሪያ ያነገተ ወጣት ገመዱን ሳያነሳ በመስኮቴ አጎነበሰ። "መንጃ ፈቃድ!" አለኝ። የለኝማ! አማቴ ከወዲያ ሆነው በሀዲይኛ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁት። አባቱን ነገራቸው። የአባቱን አባት፣ ጎሳውን፣ የእናቱን ወገን ጠየቁት። ዕቃ እንደሚያራግፍ ሰው አንድ በአንድ አወረዱለት፤ መጨረሻ ላይ የአጎታቸው ልጅ የልጅ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ልጁ መሣሪያውን ወደ ጀርባው ገፋ አድርጎ ዞሮ መጣና ጉልበታቸውን ሳመ። ያም ሆኖ ሥራው ነውና በአማርኛ "ይቺስ ማን ናት?" አለ።

አማቴ ቀጥ አሉ።

"ሹፌሬ ናት።"

ገመዱ ተነሳ። ትንሽ ራቅ እንዳልን ሳቄ ፈነዳ። እሳቸውም ሳቁ፤ ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ያ ዓመት እንዴት እንዳለፈ አልነግራችሁም፤ ረጅም ነበር። መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ኩፖን በተገኘ ቁጥር ወደ ሀቢቾ እሄዳለሁ፤ ሀዲይኛዬ ከገበያ አልፎ ቤት ገባ። መሐል ላይ ባሌ በወባ መውደቁን ሰማን፤ ከዚያ ወሬው ሁሉ ጠፋ። አማቴ ያን ጊዜ እኔ ዘንድ መጥተው ተቀመጡ፤ አንድ አልጋ ላይ ተኛን፤ ስሙን ግን ሁለታችንም ደፍረን አንጠራም። ክረምቱ ሲገባ የወሰደው ያ አውቶቡስ ሾኔ ላይ ይመልሰዋል የሚል መልእክት ደረሰን።

ሾኔ ድረስ ነድቼ ከአማቴ ጋር ጠበቅነው፤ ከሳ ማለት ብቻ አይገልጸውም። ሸሚዙ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ይመስላል። ከተላቀስን በኋላ በልማዱ ወደ ሹፌሩ በር አመራ። አማቴ እጁን ያዙት።

"ወዴት ነው? ሹፌር አለች።"

ሆን ብለው በአማርኛ ነው የተናገሩት። ከዚያ በጉልበታቸው ሕመም፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ የጋቢናውን ወንበር ራሳቸው አጥፈው ወደ ኋላ ገቡ፤ ልጃቸውንም ጎትተው አስገቡትና ራሱን ጭናቸው ላይ አስተኙት። እኔ ነዳሁ። ጎኔ ያለው ጋቢና ባዶ ነው። ተናደድሽ ወይ ካላችሁ አዎ፣ ተናደድኩ! ዓመት ሙሉ ጠብቄ፣ አሁን ደግሞ ከባዶ ወንበር ጋር! ግን እሱ ከኋላ ሲያንኮራፋ ስሰማ ንዴቴ ቀለጠ፤ በሕይወት ያለ ሰው ነው የሚያንኮራፋው።

ዱራሜ ልንደርስ ስንል፣ ሐምበሪቾ ፊት ለፊት ሲታየን፣ አማቴ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። "ቁሚ።" ቆምኩ። ልጃቸውን ቀሰቀሱት።

"እስከዚህ የእኔ ነው። ከዚህ ወዲያ የሷ ነው" አሉትና ወደ ጋቢና ገፉት።

ባሌ ከጎኔ ተቀመጠ። ማርሽ ሳስገባ እጁን እጄ ላይ ጣል አደረገ። ስፖኪዮውን ሳስተካክል አማቴን አየኋቸው። ያን ሁሉ መንገድ ማጅራታቸውን ብቻ ነበር የማውቀው፤ ጋቢና ሆነው ፊታቸው ምን እንደሚመስል አይቼ አላውቅም። ወደ መስኮቱ ዞረዋል። እንባው ያለ ድምፅ ይወርዳል፤ የነጠላቸውን ጫፍ ያነሳሉ፣ ይጠርጋሉ፣ እንደገና ይወርዳል።

"ያኔም እንደዚሁ ነበረች፣ ከሆሳዕና እስከ ሾኔ" አለኝ ባሌ በጆሮዬ። "አንቺ እንዳታይ ነበር ቀጥ ብላ የምትቀመጠው።"

አማቴ በስፖኪዮው ውስጥ ሳያቸው ያዙኝ። ነጠላቸውን አወረዱ።

"አቧራው ነው" አሉ።

ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ መንገድ ነው፤ ጎማው ግማሹ ጭቃ ነው። አማቴ ከሞቱ ስንት ጊዜያቸው፣ እስከ ዛሬ ያ ድምፃቸው ጆሮዬ ላይ አለ።

"አዎ እማማ፣ አቧራው ነው" አልኳቸውና ባሌን መስኮቱን እንዲዘጋላቸው ነገርኩት።