የእህቴን ቤት ከከሚሴ ጣሪያ ላይ ሆኜ ሳሞቅ

ቅዳሜ ዕለት እዚሁ ከሚሴ አንድ ሰው ቤት ጣሪያ ላይ ወጥቼ የውኃ ታንከር እገጥማለሁ። ቆርቆሮው እግር ያቃጥላል። ስልኬ ጮኸ... ጀርመን ያለችው እህቴ ሀያት ናት፣ በቪዲዮ።

«አያ ሙሄ፣ አዲሱ ራዲያተር አልሞቅ አለን!»

«መኪና ገዛችሁ እንዴ?»

«ኧረ የቤት ነው!» ብላ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነጭ ብረት አሳየችኝ።

ለካ እነሱ ጋ ምድር ቤት አንድ ማሞቂያ አለ። ውኃ አሙቆ በቧንቧ ወደየክፍሉ ይልካል፣ ብረቱ ሲግል ክፍሉ ይሞቃል። የልጃቸው ክፍል ብርድ ሲሆንባቸው ባሏ ጀማል ራሱ አንድ ተጨማሪ ብረት ከቧንቧው ጋር ገጠመ። ልጁ ገና ሁለት ወሩ ነው። ውጪው በረዶ። ቅዳሜ ስለሆነ ባለሙያ አይገኝም።

እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ብሆንም እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ግን ውኃ ያው ውኃ ነው ብዬ ገባሁበት።

«ጀማል፣ እስኪ ዳስሰው። የቱ ጋ ነው የቀዘቀዘው?»

«ታቹ ሞቋል፣ ላዩ በረዶ ነው።»

«አየር ይዞት ነው፣ አብሽር። ማሞቂያውን አጥፋና ከላይ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ቀስ ብለህ አላላት።»

ፍስስስ... አለ። ከዚያ ጥቁር ውኃ ጀማል ፊት ላይ ተረጨ። ሦስታችንም ሳቅን።

ቡሎኑን አጥብቆ ማሞቂያውን ሊያበራ ሲል ግን... ጭራሽ አልነሳ አለ። ቀድሞ የአንድ ክፍል ጉዳይ ነበር፣ አሁን ቤቱ በሙሉ ሊቀዘቅዝ ነው።

«አያ... ልጄን ምን ላድርገው?» አለች ሀያት።

እኔ ጣሪያው ላይ ያለሁበት ቤት ባለቤት ሀጂ ከታች መሰላል ይዘውልኝ ሁሉንም ይሰማሉ። ቀና አሉና ቀስ ብለው፣ «ያ ሙሄ፣ አየሩ በወጣበት ውኃ ገባበት አይደል? ታዲያ ከሌላው አይጎድልም?» አሉኝ።

ወላሂ፣ ልክ ናቸው! ውኃው ጎድሎ ግፊቱ ቢወርድ ነው ማሞቂያው ያልተነሳው።

«ጀማል! ማሞቂያው ላይ ያለውን የግፊት መለኪያ አሳየኝ!»

ቀስቱ ዜሮ ላይ ተኝቷል። የውኃ መሙያውን እንዲከፍት ነገርኩት። ቀስቱ እያዘገመ ወጥቶ አረንጓዴው ምልክት ላይ ሲደርስ ዘጋው። ማሞቂያው ተነሳ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሀያት ደወለች። «ሞቀ! አልሀምዱሊላህ፣ ከላይ እስከ ታች ሞቀ!» ልጁ ብርድ ልብሱን ረግጦ ጥሎ ተኝቷል።

አሁን ለጎረቤቶቿ ሁሉ «ወንድሜ ጣሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ቤቴን አሞቀልኝ» እያለች ታወራልኛለች አሉ።

ስለ ሀጂ... እስካሁን አልነገርኳትም።