የወይዘሮ ለተብርሃን ሁለት ካርዶች

ከኮተቤ የወጣሁት ዝናቡ ጋብ ሲል ነው። በካኪ ፖስታ የያዝኩት ለጥናት የሰበሰብኩትን፣ ከቦሌ ጀርባ እስከ ገርጂ የሚኖሩ ሴቶች ስለ ቦኖ ውሃ ያላቸውን ሐሳብ ነበር። እያንዳንዷ ሴት አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር የተጻፈባቸውን ካርዶች «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው ጫፍ «ፈጽሞ አልስማማም» እስከሚለው ደርድራልኝ፣ የካርዶቹን ቁጥር በየቦታቸው ወረቀት ላይ አስፍሬያለሁ። ቦኖው የት እንደሚተከል የሚወስኑት ሰዎች በማግስቱ ይሰበሰባሉ። ቦሌ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሩን የፈቀደልኝ ደግሞ ለዚያን ቀን ብቻ ነው።

ከመገናኛ ውይይት ታክሲ ያዝኩ። ሃያ አምስት ሳንቲም ከፍለን ፊት ለፊት ተፋጥጠን ተቀመጥን። ሸራው ያፈስ ስለነበር ፖስታውን እቅፍ አድርጌ ሄድኩ።

ቦሌ

የኮምፒዩተሩ ባለሙያ ደረጀ የዕድሜ እኩያዬ ነው። ወረቀቶቹን ሲያይ ሴቶቹን በረድፍ፣ ዐረፍተ ነገሮቹን በዓምድ ሊያስገባ ተነሣ።

«ገልብጠው» አልኩት። «እኔ የማነጻጽረው ሴቶቹን ነው። እያንዳንዷ ሴት ዓምድ ትሁን።»

«እንዲህ ያለ ነገር አስገብቼ አላውቅም» ብሎ እየሳቀ ገለበጠው።

እኔ የካርዱን ቁጥርና የወደቀበትን ቦታ ነጥብ እጠራለሁ፤ እሱ ይጽፋል። «በጣም እስማማለሁ» አራት፣ «ፈጽሞ አልስማማም» ነጌቲቭ አራት ነው፤ በሁለቱም ወገን የካርዱ ብዛት እኩል ነው። አንድ ዓምድ ባለቀ ቁጥር እንደምራለን፤ ዜሮ ከመጣ ወደሚቀጥለው እናልፋለን። ሥራው እየጣመን ሄደ። የወይዘሮ ለተብርሃን ወረቀት ላይ ስንደርስ ግን ሁለቱ ጫፎች ርሰው ቀለሙ ጠፍቷል። የቀሩት ካርዶች ሁለት ናቸው፤ «ቦኖው ደጄ ላይ ይተከል» የሚለውና «ቁልፉን ውሃ ቀጂ ሴቶች ይያዙት» የሚለው። አንደኛው አራት፣ ሌላኛው ነጌቲቭ አራት ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ማስታወስ አቃተኝ።

«ገምቺው እንጂ» አለ ደረጀ። «ውሃ ደጇ ቢመጣላት የምትጠላ ሴት አለች? ደግሞም በየትኛውም ብታስገቢው ድምሩ ዜሮ ነው።»

እውነቱን ነው፤ ድምሩ ዜሮ ይመጣል። ሴትዮዋ ግን ያላሉትን እንዳሉ ይቆጠራል።

«እስክመለስ አትዝጋው» ብዬ ወጣሁ።

ገርጂ

የአውሮፕላን ማረፊያውን አጥር ታክኬ በእግሬ አዘገምኩ። ጤፉ ገና ለጋ ነው። ጥቁሩ አፈር ጫማዬ ላይ እየተለሰነ እግሬን አከበደው። ሰማዩ ተከፍቶ የእንጦጦ ጋራ ጥርት ብሎ ሲታይ፣ የተበሳጨሁት ሁሉ ለቀቀኝ።

ወይዘሮ ለተብርሃን ከትግራይ መጥተው ገርጂ የከተሙ፣ ባለቤታቸው አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት የሚያወርዱ እናት ናቸው። ስደርስ ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ።

«ልጄ፣ ደግሞ መጣሽ?» አሉኝ በሹክሹክታ። «ቀስ በይ፣ ሰውዬው ተኝቷል። ሌሊት ሲሠራ ነው ያደረው።»

ወረቀቱ እንደራሰ ነግሬያቸው ሁለቱን ካርዶች አነበብኩላቸው።

«ቦኖ ደጄ ላይ? በፍጹም!» አሉ። «ሰልፈኛው ከንጋት ጀምሮ ሲጯጯህ ይሄ ሰው መቼ ይተኛል? ያኔም ነግሬሽ ነበር እኮ። ትንሽ ብሄድ ምን ይጎዳኛል? ቁልፉን ግን ለእኛ ስጡን። የዱሮው ቦኖ ዘበኛ ሲያሻው ይከፍታል፣ ሲያሻው ይዘጋል።»

ይቅርብኝ ብላቸው እምቢ ብለው ቆሎ አዘገኑኝ፤ እየቆረጠምኩ ተመለስኩ።

መልስ

ደረጀ አልዘጋውም። ሁለቱን ነጥቦች አስገባ፤ ዜሮ መጣ። ሐሳባቸው የሚቀራረበውን ሴቶች የሚያቧድነውን ስሌት፣ ፋክተር አናሊሲሱን፣ አዘዝነው። ማተሚያው እየጮኸ ባለቀዳዳ ወረቀቱን ሲተፋ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። ሴቶቹ ሁለት ቦታ ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ቅርበትን ያስቀድማል። ሁለተኛው ከቅርበቱ ይልቅ ቁልፉን ይፈልጋል፤ ወይዘሮ ለተብርሃንም በዚህኛው ውስጥ ከሁሉም በላይ ጎልተው ወጡ።

«ገምተን ቢሆን ኖሮ...» አለ ደረጀ።

«ሐሳባቸው ከማይገጥም ሴቶች ጋር እንቀላቅላቸው ነበር።»

ኮተቤ ስደርስ መሽቷል። እህቴ ጫማዬን አይታ «ለአንዲት ሴት ብለሽ ይህን ሁሉ ጭቃ?» አለችኝ። አዎን አልኳት። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ሳስገባ ድምሩ ትክክል መምጣቱ ብቻ አያሳርፈኝም፤ ሊጠየቅ የሚችል ሰው እያለ አልገምትም። እግሬን ታጥቤ፣ ርቦኝ ስለነበር ሽሮዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ፤ ቀኑ ጥሩ ቀን ነበር።