እህቴ በጆሮዋ ያየችው ድራማ

ታላቅ እህቴ በአንድ ሆቴል የልብስ ንጽሕና ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሸሚዝ ስትተኩስ ኖራ ጡረታ ወጣች። የሥራ ጓደኞቿ «እማማ ካውያ» ነበር የሚሏት። በቀን እስከ መቶ ሃያ ሸሚዝ ታደርስ ነበር፤ መጀመሪያ ኮሌታ፣ ቀጥሎ እጅጌ፣ መጨረሻ ደረት። ያን ሁሉ የምትሠራው በቀኝ ዓይኗ ብቻ መሆኑን ከቤተሰብ ውጪ የሚያውቅ አልነበረም። ግራው በልጅነታችን አጥር ስንዘል በእንጨት ተወግቶ ጠፍቷል።

ጡረታ በወጣች በሦስተኛው ዓመት ያንኑ አንድ ዓይኗን ሞራ ሸፈነው። ለቀዶ ጥገናው ወረፋ ስትጠብቅ ሰባት ወር ሞላት። መጀመሪያ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት፣ ቀጥሎ ደረጃ መውረድ፤ በኋላማ እኔን ከልጇ የምትለየን በኮቴያችን ሆነ።

ያን ጊዜ አገር ምድሩ የሚያወራው ስለ አንድ የፍቅር ድራማ ነበር። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን ሱቁም ጸጉር ቤቱም ጭጭ ይላል። ልጇ መምህርት ናት፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ቴሌቪዥኑን ትከፍታለች። እህቴ ግን ከጅምሩ አልወደደችውም። ሙዚቃው ይበዛል፣ ሰው አይናገርም አለች። እውነቷን ነው። ሁለቱ ፍቅረኞች በየክፍሉ ቆመው ይተያያሉ፤ መተያየቱ አንዳንዴ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል።

«አሁን ምን እያደረጉ ነው?» ትለኛለች።

«እየተያዩ ነው፣ እትዬ።»

ትንሽ ትቆይና፣ «አሁንስ?»

«አሁንም።»

«ወይ ይጋቡ፣ ወይ በየቤታቸው ይግቡ እንግዲህ።»

እኔ ብዙ መናገር አልወድም፤ ሰው ፊት ድምፄ ይጠፋል። ግን እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ ስትቀመጥ አንጀቴን በላችው። ስለዚህ መዋሸት ጀመርኩ። ሲተያዩ ዝናብ መስኮቱን ይመታል አልኳት። ሌላ ቀን ደግሞ ልጅቷ ከጀርባዋ ደብዳቤ ይዛለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል አልኳት። ደብዳቤውን አንዴ ካመጣሁት በኋላ መደበቂያ መፈለጉ የኔ ጣጣ ሆነ። መጀመሪያ ፍራሽ ሥር፣ ኋላም የሰውየው ካፖርት ገበር ውስጥ አስገባሁት። ልጇ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ታፍናለች። እህቴ ድራማውን ወደደችው፤ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ወንበሯ ላይ ትገኛለች።

ቀዶ ጥገናው ማክሰኞ ተደረገ። ረቡዕ ጠዋት ሐኪሙ መሸፈኛውን ሲያነሳላት ፊት ለፊቷ ቆምን።

«ጭጋግ ነው» አለች።

ሐኪሙ ዓይኑ ማበጡን፣ በጥቂት ቀናት ሊጠራ እንደሚችል ነገረን። ይጠራል አላለም፤ ሊጠራ ይችላል ነው ያለው። ቤት ስንደርስ ወንበሯን ዳብሳ ተቀመጠችና «ካልሆነም አንቺ አለሽልኝ» አለችኝ። ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ሐሙስም ያው ጭጋግ ነበር። ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ የዓይን ጠብታዋን ካደረግሁላት በኋላ ድራማው ተጀመረ፤ እኔም እንደ ልማዴ ተረኬን ቀጠልኩ። ሰውየው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ በር ላይ ቆሟል፣ ልጅቷ ከደረጃው እየወረደች ነው…

«እጅጌው ላይ ሁለት መስመር አለ» አለች እህቴ።

ልጇ ድምፁን ቀነሰችው።

«የተኮሰው ሰው የመጀመሪያውን መስመር ሳያጠፋ ሌላ ደርቦበታል። እኛ ጋ ቢሆን ሸሚዙ ይመለስ ነበር።»

ተነሥቼ ቴሌቪዥኑ ሥር ሄድኩ። እኔ በሁለት ጤነኛ ዓይን ያላየኋቸው ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ከትከሻው እስከ ክንዱ ጎን ለጎን ይወርዳሉ። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጇ አንገቷ ሥር ገብታ «እማዬ፣ እማዬ» ትላለች፤ እሷ ደግሞ ዓይኗን እንዳትነካባት በክንዷ ትከላከላለች።

ወዲያው መተያየቱ መጣ። ፍቅረኞቹ ደረጃው ሥር ቆሙ፣ ሙዚቃው ተነሣ። እህቴ አንገቷን አስግጋ ስታይ ቆየችና ዝናቡ የታለ ብላ ጠየቀችኝ። ፊቴ እሳት እየመሰለ ዝናብም ደብዳቤም እንዳልነበረ ነገርኳት።

«ደብዳቤው ገበር ውስጥ ሲገባ ጠርጥሬ ነበር» አለች። «ወረቀት ገበር ውስጥ ካለ ይንኮሻኮሻል። ሰውየው እንዴት አልሰማውም?»

ልጇ ታዲያ ድራማው ያን ያህል ስም ይገባዋል ወይ አለቻት፤ በመምህራን ክፍል በዚህ የተኳረፉ ሰዎች ነበሩ። እህቴ ታሪኩ ተራ ነው ብላ ፈረደች። ሁለቱ ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ጉዳይ ነው፤ ሰው ለዚህ ብሎ ሱቁን መዝጋት የለበትም። አንቺ የፈጠርሽው ይሻል ነበር አለችኝ፣ ለኔ ስትል መሰለኝ። አሁን የልጅቷ ፊት የቴሌቪዥኑን መስተዋት ሞልቶታል፤ ቅንድቧ፣ የከንፈሯ ስንጥቅ፣ ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻት ምልክት ሳይቀር ይታያል።

«ግን ፊት ያሳያሉ» አለች። «ሰባት ወር ሙሉ ፊት አላየሁም። ይተያዩ፣ ምን አስቸኮላቸው።»

ቀጥላ ወደኔ ዞረች። ከግንባሬ እስከ አገጬ ቀስ ብላ አየችኝ።

«አርጅተሻል» አለችኝ።

አዎ አልኳት። ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰች፤ ሙዚቃው ገና አላለቀም ነበር።