ሽምርን የሚያነበው ሰው

ከካሻን ከተማ በላይ፣ የጽጌረዳ ውሃ በሚነጠርበት መንደር፣ ግሥ መሳሳት ቤት ያፈርሳል። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ አይደለም። በአሹራ ዕለት የከርበላን እልቂት አደባባይ ወጥተው የሚያሳዩ ሰዎች እዚያ «ተወኑ» አይባሉም። «ተጫወቱ» ማለትማ ድፍረት ነው፤ በቅዱስ ሐዘን ማን ይጫወታል? «አነበቡ» ነው የሚባለው። ንግግሩን እንደ ስማቸው ቢያውቁትም ወረቀቱን ከእጃቸው አይለዩትም። ወረቀቱ ለእነሱ ዓይን ሳይሆን ለተመልካቹ ነው፤ «እሱ አይደለሁም፣ እሱ ያለውን ነው የማነበው» ማለት ነው።

ናድአሊ ጥጥ ነዳፊው ሽምርን ያነብ ነበር። አዎ፣ ለተጠሙት ውሃ ከልክሎ የነቢዩን የልጅ ልጅ አንገት የቀላውን ሽምርን። ቀይ ልብስ፣ ላባ የተሰካበት የብረት ቆብ፣ እስከ ክርኑ ደም የሚመስል ቀለም። ጎራዴውን ሲያነሣም ያለቅሳል፤ ወጉ ነው፤ የሽምር አንባቢ እያነበበ ያነባል።

መንደሩ ግን ለሌላው ሁሉ ያደለውን ግሥ ለእሱ ነፈገው። አረንጓዴ ለብሶ የጀግናውን ክፍል የሚያዜመውን ጫማ ሰፊ «አባስን ያነባል» ይሉታል። ናድአሊን «ሽምር ነው»። ምንጭ ወርዶ ወረፋ ሲይዝ ሴቶቹ «እትዬ፣ ቶሎ ቅጂ፣ ውሃ ከልካዩ መጣ» ይባባላሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ዳቦ ጋጋሪው ሲያየው ቢላዋ ይደብቅበታል፤ ያን ጊዜም ይስቃል። ሚስቱ ሞታ፣ አንዲት ልጁ ቱባ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ግን ሳቁ አለቀበት። የሽምርን ልጅ ማን ያገባል?

ያን ዓመት ጠያቂ ተገኘ። የታችኛው መንደር ባለ ጽጌረዳ እርሻዋ ሐጂዬ እስማት ልጅቷን ለልጃቸው ፈልገው ቀለበት አሰሩላት። ታዲያ አማላጇ ጎውሃር የዚያኑ ዕለት ሻይዋን እየጠጣች፣ አባቷ ምን ይሠራል ብትባል፣ ምላሷ ለምዶባት «አባቷማ ሽምር ነው» አለች። ክፋት አልነበራትም። ሐጂዬ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ‹ነው› ወይስ ‹ያነባል›፣ በአሹራ ዕለት መጥቼ በዓይኔ አያለሁ፣ ሠርጉም ከዚያ በኋላ ይቆረጣል አሉ።

ቱባ ይህን ስትሰማ አባቷ እግር ሥር ተቀመጠች። ዘንድሮ ቀስ ብሎ እንዲያነብላት ለመነችው። ማለላት።

ዕለቱ ደረሰ። ሐጂዬ ከፊት ተቀምጠዋል። ናድአሊ ወረቀቱን አፍንጫው ድረስ ከፍ አድርጎ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን፣ ለስለስ አድርጎ አነበበ። «እገድልሃለሁ» የሚለውን «ደህና ዋልክ» በሚባልበት ድምፅ አለው። ሊያለቅስ የመጣ ሕዝብ ዓይኑ ደርቆ ቀረ። አንዱ «ዛሬ ጥጥ ነው እንዴ የሚነድፈው?» አለ፤ ከወዲያ ማዶ በአሹራ ቀን ሳቅ ተሰማ።

ሚርዛ ኸሊል ሳቁን ሰሙት። የአንባቢዎቹ አለቃ ናቸው፤ በትራቸውን ይዘው በመካከል እየተዘዋወሩ ማን የት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚናገር ያሳያሉ፤ የሕዝቡ እንባ ከእሳቸው ነው የሚጠየቀው። ቀረብ ብለው፣ የሚያግዙ መስለው፣ ወረቀቱን ከናድአሊ እጅ ሳብ አደረጉት።

«ሰው እንባውን ይዞ ሊመለስ ነው» አሉት በጆሮው። «ማንበቡ ይበቃል። ሁን።»

ባዶ እጁን አየ። የቀረው ንግግር በቃሉ ነው፤ ያፈነው ድምፅም ጉሮሮው ላይ ነው። ጎራዴውን መዘዘና አጓራ። ወዲያው አደባባዩ በዋይታ ተናወጠ፤ ሴቶች ደረታቸውን መቱ፤ ከጣሪያ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ቅንድቡን ተረተረው። ሲያበቃ ሚርዛ ኸሊል ደሙ ላይ ሳሙት። «ዛሬስ ሆንክ» አሉት። ከእሳቸው አፍ ከዚህ በላይ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም። ሞኙ ናድአሊ ደስ አለው።

በማግስቱ ጎውሃር ቀለበቱን ልትወስድ መጣች።

«‹ነው› አሉ?» አላት።

«አላሉም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ‹ያነባል› ካሉ…»

«እሱንም አላሉም።» ዓይኗን ከነጠላ ጫማዋ ሳታነሣ ቀጠለች። «‹ሽምር ቢሆን እንኳ ሽምርነቱን አውቄ እጠነቀቀው ነበር። ጧት በግ፣ ቀትር ላይ ተኩላ፤ ይሄ ሰው ያስመስላል። የአስመሳይ ልጅ ቤቴ አትገባም› ነው ያሉት።»

ቱባ የሠርጓን ብርድ ልብስ ጥጥ እየሞላች ነበር፤ ራሱ የነደፈላትን ጥጥ። ቀለበቱን አውልቃ ሰጠች። ጎውሃር ስትወጣ ናድአሊ ለማስረዳት ተንተባተበ፤ መጀመሪያውን ለአንቺ ብዬ፣ መጨረሻውን ደግሞ ወረቀቱን ስነጠቅ፣ እያለ። ልጅቷ ሳታቋርጥ ሰማችው።

«የትኛው ነህ፣ አባባ?» አለችው።

እንባው በተሰነጠቀው ቅንድቡ ሥር ወረደ። ናድአሊ አነባ።

ቱባ ግን ክንዷን አጣምራ፣ እንደ ተመልካች፣ አንብቦ እስኪጨርስ ጠበቀችው።