የአያ ተገኘ ዓይን

ይህን ለሚስቴም ለነፍስ አባቴም አልተናገርሁም። ንስሐ ስገባ ሌላ ሌላውን እዘረዝርና እዚህ ስደርስ ምላሴ ይያዛል። አንተ አንባቢዬ አታውቀኝም፤ የደፈርሁት ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

ያኔ ማራኪ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር ጀማሪ ተመራማሪ ነበርሁ። በጭስ ውስጥ ያለ ኦክስጅንን የሚለካ መሣሪያ እነድፋለሁ። የመሣሪያው ዋና አካል ጣት የምታህል የሴራሚክ ቱቦ ናት። ከውስጧ ንጹሕ አየር፣ ከውጭዋ የምድጃ ጭስ ይሆንና ስትግል የሁለቱ የኦክስጅን ልዩነት ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። በዚያ እሳቱ አየር አንሶት ወይም በዝቶበት እንደሆነ ይታወቃል። ዓመታት ለፋሁባት።

የምሞክራት ከከተማው ወጣ ብሎ ጠዳ፣ አንድ የጡብ ምድጃ ላይ ነበር። እሳት ጠባቂው አያ ተገኘ ይባላሉ፤ የአዲ አርቃይ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የእሳት ቀለም እያዩ የአየሩን በር ሲከፍቱና ሲዘጉ የኖሩ። እንደ ልጃቸው ያዩኝ ነበር።

የምድጃው ባለቤት መሣሪያዬን ለእንግዶች ሊያሳይ በቀጠረበት ዋዜማ፣ የቱቦዋ ማሸጊያ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አገኘሁ። ንጹሑ አየር ወደ ጭሱ ይሾልካል፤ መሣሪያው የሌለ ኦክስጅን አለ ይላል ማለት ነው። አየሁ። አወቅሁ። ሌላ ቱቦ አልነበረኝም፤ መልሼ ገጠምኋት።

በማግስቱ መሣሪያው አየር በዝቷል አለ። አያ ተገኘ በምድጃው ቀዳዳ አጎንብሰው አዩ።

«ኧረ አየር አንሶታል! እየጨሰ እኮ ነው። ምነው ልጄ፣ እንዴት ዝጋ ይላል?»

ባለቤቱ ወደ እኔ ዞረ።

«ቁጥሩ ትክክል ነው» አልሁ። እኔ ነኝ ያልሁት፣ ሌላ ሰው አይደለም። አያ ተገኘ በሩን ዘጉት።

ጡቡ ሲወጣ ውስጡ የጠቆረ፣ በእጅ የሚፈረፈር ሆነ። ባለቤቱ «መሣሪያው ቀንስ አለህ እንጂ ድፍን አድርገህ ዝጋ አላለህም» ብሎ አሰናበታቸው። አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልሁ።

ጓዛቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህ። እውነቱን ንገረኝ። ዓይኔ ነው የደከመ?»

ስንጥቋን ባሳያቸው ምን ነበረበት? እንጀራቸውን መንጠቄ አልበቃ ብሎኝ ነው?

«ዕድሜም እኮ አለ፣ አያ» አልኋቸው።

«ይሁን፣ ሸጋ» ብለው ወደ አገራቸው አዲ አርቃይ ሄዱ።

ማሸጊያውን በኋላ አስተካከልሁት። መሣሪያው ተመሰገነ፣ እኔም አብሬ።

አምና ልጃቸው ሚኒባስ ስጠብቅ አይታ አወቀችኝ። ምሳ ታመላልስላቸው ነበር።

«አባቴ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዶ ነበር» አለችኝ። «ዓይንህ ደህና ነው ቢሉት አላምን አለ። ሰፈር ሰው ምድጃ ሠርቶ እሳቱን እይልን ቢለው፣ 'እኔ አላይም፣ ጡባችሁን አበላሽባችኋለሁ' ይላል።»

ንገራት፣ ንገራት አለኝ ልቤ። «ሰላም በይልኝ» ብዬ ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ።

መንገዱ ተዘግቶ ነው ያልሄድሁት እላለሁ ለራሴ። የተዘጋበት ጊዜ ነበር፤ እውነት ነው። ዛሬ ግን መኪና በየጠዋቱ ወደ አዲ አርቃይ ይወጣል። ይቅርታውን ከአንተ አልለምንም፤ የምትሰጠው አንተ አይደለህም። የሚሰጡት ሰው በሕይወት አሉ። ያልሄድሁት እኔ ነኝ።